የእትዬ ሐዋ ቀብርና የድልድዩ አርማታ

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ወደ መካነ ሰላም የሚመጣውን መንገድ ቻይናዎች ይሠሩ በነበረበት ጊዜ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። ቢሆንም ከከተማው ወጥቼ ያንን ትንሽ ድልድይ በተሻገርኩ ቁጥር የሚኒባሱ ጎማ አንድ ቦታ ላይ ጓ ይላል። ሌላው ተሳፋሪ ልብ አይለውም። እኔ ግን ገና ሳንደርስ የፊተኛውን ወንበር አጥብቄ እይዛለሁ። ያ ቦታ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች እያነስን ስለሄድን መጻፍ ፈለግሁ።

በዚያን ጊዜ ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ አልጋ ከያዘችው እናቴ ጋር እኖር ነበር። ቻይናዎቹ ካምፓቸውን ከከተማው ወጣ ካለው ሜዳ ላይ ሲተክሉ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰዓት ተቆጣጣሪ ፈለጉና ተቀጠርኩ። ሥራዬ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሠራተኛውን ስም እየጠራሁ ማን እንደተገኘ፣ ማን እንደቀረ መመዝገብ ነው።

ታናሽ ወንድሜ እንድሪስ በድልድዩ ሥራ ላይ ካቦ ነበር። አርባ ሰው በእሱ ሥር ይሠራል። እንድሪስን ያሳደግሁት እኔ ነኝ ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሁለት ጊዜ በባሕር ሳዑዲ ገብቶ ሁለት ጊዜ ተይዞ ተመልሷል። በሁለተኛው ጉዞ አብረውት ጀልባ ከተሳፈሩት መካከል ያልተረፉ እንደነበሩ ለእናታችን አልነገርናትም። የካቦነቱን ሥራ ባገኘ ቀን ወደ ቤት መጥቶ፣ "ከእንግዲህ የትም አልሄድም እታለም፤ እዚሁ ነኝ" አለኝ። እኔም ከዚያ መንገድ የምፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር። ካቦ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ባሕሩን አያስብም።

ፎርማኑ ወደ ስልሳ የሚጠጋ ቻይና ነበር። ስሙን አስተካክሎ የሚጠራ ስላልነበረ ሠራተኛው አባ ቶሎ አለው። ከአማርኛ አጣርቶ የሚያውቃት ቃል "ቶሎ" ነበረች። የእኛ ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቁ ሥራ አይጀምሩም። አባ ቶሎ ሰዓቱን እያየ መካከላቸው ይገባና "ቶሎ! ቶሎ!" ይላል።

"አብሽር አባ ቶሎ! ጥጃዋ ብቻ ናት የቀረችን፤ የእሷን ደህንነት ጠይቀን እንመጣለን" ይለዋል አንዱ ቀልደኛ። ሁሉም ይስቃል። እሱም ያልገባው ነገር ሲሳቅ አብሮ ፈገግ ይላል።

አይጠሉትም ነበር። አለቃ ሆኖ ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ አካፋ ይይዛል፤ ምሳውን ከእነሱ እኩል መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ይበላል። የሚያስቀይማቸው አንድ ነገር ነበረው፤ ሰው ሲሳሳት በሰው ፊት ይጮኻል። አንድ ቀን ሽበት ባለው ግንበኛ ላይ፣ የገዛ ልጁ ቆሞ እያየ ጮኸበት። ግንበኛው መዶሻውን አስቀምጦ ሄደ፤ ሳምንት ሙሉ አልመጣም። አባ ቶሎ ለምን እንደቀረ ጠየቀኝ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ወጣት ቻይና አስተርጓሚ ነበር፤ በእሱ በኩል "አፍሮ ነው" አልኩት።

"የተበላሸው ግንቡ ነው። እሱ ምን ሆነ?" አለኝ።

ግንበኛውን እንድሪስ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለምኖ አመጣው። እንዲህ ያለውን ክፍተት ሁልጊዜ የሚሞላው እንድሪስ ነበር።

ያ ቀን የድልድዩ ወለል አርማታ የሚሞላበት ቀን ነበር። አባ ቶሎ ሳምንት ሙሉ ሲዘጋጅበት ሰንብቷል። ከአንድ ቀን በፊት ሁላችንንም ሰብስቦ፣ አርማታው አንዴ ከተጀመረ እስኪያልቅ እንደማይቆም፣ ከቆመ አንዱ ከሌላው እንደማይያያዝ፣ ምሳም በተራ እንደሚበላ አስረዳ። እንድሪስ "ኢንሻአላህ አንቆምም" አለው። ሥራው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሚክሰሩ ያጓራል፤ ሁለት ሁለት ሰው በባሬላ እየተሸከመ ያመላልሳል፤ አባ ቶሎ ቡትስ ጫማውን አድርጎ ከፌሮው ብረት መካከል ቆሟል። ከወለሉ ሲሶ ያህሉ ሲሞላ አራት ሰዓት ሆነ።

በዚያን ጊዜ ከከተማው በኩል ጡሩምባ ተሰማ።

በእኛ አገር ቅሬ የሚባል አለ፤ ሌላው ቦታ ዕድር የሚለው ነው። የእኛ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ሰው የያዘውን ያስቀምጣል። ባሬላ የተሸከሙት ቆሙ። ሚክሰሩ ብቻውን ሲያጓራ ቆየ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ከከተማው እየሮጠ መጥቶ እትዬ ሐዋ ማረፋቸውን ተናገረ።

እትዬ ሐዋ ማን እንደነበሩ ልንገር። በሰፈራችን የሴት ሬሳ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ከድልድዩ ሠራተኞች ውስጥ እናቱን ወይም እህቱን ወይም ሚስቱን እትዬ ሐዋ ያላጠቡለት ሰው ጥቂት ነው። የክርስቲያን ለቅሶ ሲሆንም ቀድመው ደርሰው ውኃ የሚያሞቁት እሳቸው ነበሩ። ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ የሚቀብራቸው ሰፈሩ ነው።

ሰዎቹ አካፋቸውን እያስቀመጡ ለአርማታው ከተዘጋጀው በርሜል ውኃ ቀድተው እጅ እግራቸውን መታጠብ ጀመሩ። አባ ቶሎ መጀመሪያ ምሳ መስሎት "ቶሎ! ቶሎ!" አለ። ከዚያ ሰዎቹ ኮታቸውን ሲለብሱ አይቶ ከፌሮው ውስጥ ወጣ። ከበርሜሉ የሚጨለፈውን ውኃ አየና ጮኸ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

እንድሪስ ወደ እኔ መጣ። "እታለም፣ ነይ አስረጂልኝ" አለኝ። ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

እኔና እንድሪስ፣ አባ ቶሎና አስተርጓሚው ድልድዩ አፍ ላይ ቆምን። ነገሩን ተናገርኩ። አባ ቶሎ አንድ በአንድ ጠየቀኝ።

"የዚህ ሰው እናት ናት?"

"አይደለችም።"

"ዘመዱ ናት?"

"ጎረቤት ናት።"

"ከአርባው ውስጥ ዘመዷ ስንቱ ነው?"

"ማንም የለም።"

"ታዲያ ለምን ሁሉም ይሄዳል?"

በትምህርት ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛ ለዚህ አልበቃኝም። ሬሳ ታጥብ እንደነበር ነገርኩት። አስተርጓሚው ፊቱን አጨማደደ፤ ምን ብሎ እንዳስተላለፈው አላውቅም። እንድሪስ፣ ቀብሩ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር ጋር ስለሆነ ከስምንት ሰዓት በፊት እንደሚመለሱ፣ ከዚያም እስኪያልቅ እንደሚሠሩ ንገሪልኝ አለኝ። ነገርኩት። አባ ቶሎ ጎንበስ ብሎ እፍኝ አርማታ ዘገነና እጄ ላይ አኖረው። ከዚያ ሰዓቱን አሳየኝ። ፀሐዩ እየበረታ ነበር። በስምንት ሰዓት ድንጋይ እንደሚሆን እኔም ገባኝ።

"ቀብሩን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያቆዩት በይው። ከዚያ ሁሉም ይሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ" አለ አባ ቶሎ።

እንድሪስ የቅሬውን ዳኛ ጋሽ ሙሄን አስጠራ። ጋሽ ሙሄ በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። የእኔን ትርጉም አዳምጠው ሲጨርሱ አርማታውን ተመለከቱት።

"ይኼ ነው የማይቆየው? የእኛዋስ ትቆያለች እንዴ! ለጭቃ ብዬ ጀናዛ ፀሐይ ላይ ላሳድር ነው?"

"አላሉም ጋሼ። እስከ አሥራ አንድ ነው ያሉት" አለ እንድሪስ።

"አንተ ልጅ፣ እናትህ አልጋ ላይ ናት። ነገ እሷን የሚቀብራትን አስበህ ተናገር" አሉት። በቁጣ አልነበረም። እንድሪስ አንገቱን ደፋ።

አባ ቶሎ የሆነ ነገር እንዳልተስማማ ገብቶት ሌላ ሐሳብ አመጣ። አምስት ሰው ተመርጦ ሁሉንም ወክሎ ይሂድ አለ። ይህን ስተረጉም ከኋላ የቆሙት ሳቁ።

"ሬሳ በኮሚቴ ይቀበራል እንዴ?" አለ ያ ቀልደኛ።

"ቃለ ጉባኤ ይያዝልን በሉት!" አለ ሌላው።

አባ ቶሎ ሳቁን ሰማ። በዚህ ጊዜ አብሮ ፈገግ አላለም። ለአስተርጓሚው ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው እንዲህ አለኝ፤ "እናቱ የሞተችው እሱ እዚሁ የመንገድ ሥራ ላይ እያለ ነው። አልሄደም። በዚያን ቀንም አርማታ ሲሞላ ነው የዋለው።"

ተረጎምኩት። ሳቁ ጸጥ አለ። አንዳንዶቹ "አላህ ይዘንላት" አሉ። እንድሪስ ግን ማመን ያቃተው መሰለኝ። ልሳቅ ልተው በሚል ፊት አየኝ።

"ማን ቀበረለት በይው?" አሉ ጋሽ ሙሄ።

ጠየቅሁት። "ወንድሜና ጎረቤቶች" አለ።

ጋሽ ሙሄ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። "በይ ንገሪው እንግዲህ። እነዚያ ጎረቤቶችም ሥራ ነበራቸው በይው። የእነሱም አለቃ ቆሞ ሲጠብቃቸው ነው የዋለው በይው።"

በእንግሊዝኛ እንደምንም ብዬ ለአስተርጓሚው ነገርኩት። ገብቶታል፤ ከዓይኑ አይቻለሁ። ግን የአባ ቶሎን ፊት አየ። "ንገረው" አልኩት። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ልጅ ነው፤ አለቃውን ፈርቶ ይሁን አዝኖለት አላውቅም። ቃሉ እዚያው ቀረ።

ጋሽ ሙሄ መልስ እንደሌለ ባዩ ጊዜ ዞረው መንገድ ጀመሩ። አርባውም ተከተላቸው። እንድሪስ መጨረሻ ላይ ቀረ። ሚክሰሩን አየ፤ እኔን አየ። "እታለም፣ ምን ላድርግ?" አለኝ።

"ቅር" ብለው ይቀር ነበር፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቃሌን ጥሎ አያውቅም። ከቀረ እናታችን ስትሞት ቀባሪ ማጣቷ መጣብኝ። ከሄደ ሥራውን አጥቶ የሚመለስበት ባሕርም መጣብኝ። አፌን ከፍቼ ምንም ሳልል ቀረሁ። ትንሽ ጠብቆኝ ሄደ።

እኔ ቀረሁ። ለእትዬ ሐዋ ውኃ ማሞቅ የእኔም ተራ ነበር። ነገር ግን ሥራው እንደምንም ካለቀ እንድሪስን የሚጠይቀው አይኖርም ብዬ አሰብኩ። አባ ቶሎ፣ አስተርጓሚው፣ ሌሎች ሦስት ቻይናዎችና ከደሴ የመጣው የሚክሰር ሠራተኛ አካፋና ባሬላ ይዘው ገቡ። መዝገቤን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ከወንዙ በባልዲ ውኃ ማመላለስ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። አባ ቶሎ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ለቅሶ የሚሄዱ የገጠር ሴቶች በድልድዩ አጠገብ ሲያልፉ ቆመው ተመለከቱኝ። እትዬ ሐዋን ጥላ ለቻይና ውኃ ትቀዳለች መባሉን ኋላ ሰማሁ። ውሸት አይደለም።

ስድስት ሰው የአርባውን ሊሠራ አልቻለም። ሰባት ሰዓት አካባቢ የአርማታው ጠርዝ በአካፋ ሲነካ ይንኳኳ ጀመር። አባ ቶሎ የአርማታ መነቅነቂያውን ቫይብሬተር አጥፍቶ እዚያው ተቀመጠ።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ተመለሱ፤ እየሮጡ ነው የመጡት። የመቃብሩ አፈር ገና ከልብሳቸው አልረገፈም። እንድሪስ በቀጥታ ሄዶ አካፋ አነሳ። አባ ቶሎ ተነስቶ አካፋውን ከእጁ ወሰደው። አልጮኸም። ያን ቀን ባለመጮሁ ነው የፈራሁት።

በሦስተኛው ቀን ከዋናው ካምፕ ትእዛዝ መጣ። አርባ ሰው ማባረር ስለማይቻል ኃላፊነቱ በካቦው ላይ ሆኖ እሱ እንዲባረር ተወስኗል። ወረቀቱ ላይ የሰዓት ተቆጣጣሪዋ ምስክርነት ያስፈልጋል ተባለ። "ያለ ፈቃድ ሥራ ጥሎ ሄዷል" የሚለውን በእጄ ጽፌ መፈረም ነበረብኝ። ጻፍኩት፤ ሳልፈርም ግን ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። እንድሪስ አነበበውና "ፈርሚ እታለም። የጻፍሽው እውነት ነው" አለኝ። ፈረምኩ።

ሠራተኛው ሥራ እናቆማለን ብሎ ተነስቶ ነበር። እንድሪስ እያንዳንዳቸውን ለምኖ ወደ ሥራ መለሳቸው።

ከዚያ ጋሽ ሙሄና ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ቄስ ናቸው፣ ጠዋት ሄደው አባ ቶሎ በር ላይ ተቀመጡ። በእኛ አገር ሽማግሌ በር ላይ ከተቀመጠ ሰው እንዲሁ አይሰደውም። አባ ቶሎ ወጥቶ አያቸው። ወንበር አውጥቶላቸው፣ በቴርሞስ ሙቅ ውኃ አቅርቦላቸው ወደ ሥራው ሄደ። እስከ ቀትር ተቀምጠው ጠበቁት። ለምሳ ሲመለስ እዚያው አገኛቸውና ደነገጠ። ለእንድሪስ ይቅርታ ሊለምኑ እንደመጡ አስረዳሁት።

"ጥፋቱ የእነሱ ካልሆነ ለምን እነሱ ይቅርታ ይጠይቃሉ?" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወረቀቱ አሁን እኔ ጋ የለም" አለ። እጆቹን ዘርግቶ ባዶ መሆናቸውን አሳያቸው። ሽማግሌዎቹ እያዩት ተነሱ። ጋሽ ሙሄ መንገድ ላይ "ሰውየው ክፉ አይደለም" አሉኝ። እኔ ከቀብሩ ስለ መቅረቴ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።

የተበላሸውን ጠርዝ በመዶሻ ሰብረው ሌላ ሞሉበት። ነገር ግን መጋጠሚያው ከፍ ብሎ ቀረ። አባ ቶሎ ዝናቡ ሲገባ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሊሄድ ሲል በካምፑ አጥር ጥግ ከተከለው ጎመን አንድ ትልቅ ነቅሎ ሰጠኝ። እኔም "አመሰግናለሁ" ብዬ ተቀበልኩት።

እንድሪስ ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ። ወግዲ ሄዶ ሥራ ጠየቀ፤ ደጎሎም ሄደ። አንድ ጠዋት ስነሳ አልጋው ተነጥፎ ነበር፤ እሱ አልጋ የማንጠፍ ልማድ አልነበረውም። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በባቲ በኩል ወደ ባሕሩ እንደወጣ ሰው ነገረን። ከአራት ወር በኋላ ከሳዑዲ ደወለ። እስከዚያ ድረስ እናታችን በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም በየቀኑ "ደህና ነው" እላት ነበር።

እናታችን ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈች። ጡሩምባው ተነፋ። የድልድዩ ሰዎች ያሉበትን ሥራ እያስቀመጡ መጡ፤ ያ ቀልደኛም መጣ፤ እንድሪስ ለምኖ የመለሰው ግንበኛም መጣ። ጉድጓዱን የቆፈሩት እነሱ ናቸው። እንድሪስ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለውና ከወጣ መመለስ ስለማይችል አልመጣም። ድንኳኑ ሳይፈርስ በማግስቱ ደወለ።

"ማን ማን ነበር?" አለኝ።

ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራሁለት። የድሮው መዝገቤ ቅደም ተከተል ከአፌ አልጠፋም ነበር።

"ሁሉም?"

"ሁሉም መጥተዋል።"

ከኋላው የሥራ ድምፅ ይሰማኛል፤ ብረት ይንኳኳል፤ ሰው ይጮኻል።

"ትናንት መርዶው ሲነገርህ የት ነበርክ?" አልኩት።

"ሥራ ላይ። አርማታ እየሞላን ነበር።"

"አላቆምክም?"

"ማንን ብዬ አቆማለሁ እታለም? እዚህ ከእኔ ጋር የሚያቆም ማን አለ?" ከዚያ፣ "ያ አባ ቶሎ የእናቱን ነገር ሲነግረን ልስቅ ነበር። አይተሽኛል?" አለኝ።

"አላየሁም" አልኩት።

እንድሪስ አሁንም እዚያው ነው። እኔ አርጅቻለሁ። አባ ቶሎን አልወቅሰውም፤ ጋሽ ሙሄንም አልወቅሳቸውም። ያ ልጅ አስተርጓሚ የጋሽ ሙሄን ቃል ቢያስተላልፍ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ምናልባት አይለወጥም፤ አርማታው ያው ይደርቅ ነበር። እንድሪስ ሲጠይቀኝ አንድ ቃል ብሰጠው ኖሮ የሚለውም አለ። ያኔ ምን ልለው ይገባኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ወንበሩን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ጎማው ጓ ይላል፤ እናልፋለን።